አባባ ስለ ቢትኮይን ሲጠይቁን፦ ሽማግሌዎቻችንን ከኢሜይል አስፈራሪዎች ስለመጠበቅ



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ፈተናው አልቆ ለእረፍት ወደየቤታችን ልንበተን ጥቂት ሳምንታት ቀርተውናል። የዚህን እትም ትምህርት የጻፍኩት ከልብሳችሁ ጋር አጣጥፋችሁ ወደ ቤት ይዛችሁት እንድትሄዱ ነው። ጉዳዩ በኢሜይል እየመጣ ትልልቆቻችንን እንቅልፍ የሚነሳው የማስፈራሪያ ደብዳቤ ነው። ላኪው ኮምፒውተራችሁ ውስጥ እንደገባ፣ በካሜራው አሳፋሪ ነገር እንደቀረጸ፣ ገንዘብ በቶሎ ካልደረሰውም ቪዲዮውን ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ እንደሚበትን ይናገራል።

ብዙዎቻችን ይህን ደብዳቤ እናውቀዋለን። ገና ሁለት መስመር ሳናነብ አጥፍተነው ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፣ ደብዳቤው አጎቴ ቤት እስኪገባ ድረስ።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጂኦግራፊ ያስተማሩ የደሴ ሰው፣ የቤተሰቡ ልጆች ሁሉ «አባባ» የምንላቸው። እንግሊዝኛቸው ከኔ ይሻላል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ልጃቸው ከሪያድ በላከችላቸው ላፕቶፕ ዜና ያነባሉ፣ ቲላዋ ያዳምጣሉ፣ ከድሮ ተማሪዎቻቸው ጋር ይጻጻፋሉ። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ደወሉልኝና ሰላምታውን ጨርሰን ትንሽ ዝም ካልን በኋላ፣ «ልጄ፣ ይኸ ቢትኮይን የሚሉት ነገር የት ነው የሚሸጠው?» አሉኝ።

ሳቅሁ። «አባባ፣ ነጋዴ ሊሆኑ ነው እንዴ?» አልኳቸው። «ግድ የለም፣ ለሰው ነው» አሉና ስልኩን ዘጉ።

ማታ እናቴ ደውላ ሁለት ቀን መስጊድ እንዳልታዩ ነገረችኝ። ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልለው ቁምሳጥን ውስጥ ከተውታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሪያድ ላለችው ልጃቸው «ለሕክምና ነው» ብለው ገንዘብ እንድትልክ ጠይቀዋታል። እሷም ከጓደኞቿ መበደር ጀምራለች። በዕድሜዬ ሙሉ አባባ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ሄድኩ። ደብዳቤውን ለማሳየት ብዙ አንገራገሩ። በመጨረሻ ላፕቶፑን ከጋቢው አውጥተው ከፈቱልኝና ራሳቸው ወደ መስኮቱ ዞረው ቆሙ። የተጠየቁት 1,900 ዶላር ነው፣ በቢትኮይን፣ በ48 ሰዓት ውስጥ። ከደብዳቤው አናት ላይ ደግሞ የራሳቸው ፓስወርድ ተጽፏል፦ የመጀመሪያ ልጃቸው ስምና የተወለደችበት ዓመት። እሱን ከርሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም ብለው ነበር የሚያምኑት።

«ያላደረግሁት መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ አላህም ያውቃል» አሉኝ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «የመስጊዱ ሰው ግን በምን ያውቃል?»

ደብዳቤው ሲፈታ

እስቲ ደብዳቤውን እንደ አንድ ዕቃ ፈታተን እንየው። አሠራሩን ያላወቀ ሰው ለሽማግሌ ሊያስረዳ አይችልም። «ተዉት፣ ውሸት ነው» ማለት ብቻውን ማንንም አያሳርፍም።

ፓስወርዱ ከየት መጣ? ከአባባ ኮምፒውተር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሊንክዲን ተሰብሮ ነበር፤ በ2016 ወደ 117 ሚሊዮን የሚጠጉ ተጠቃሚዎች ኢሜይልና ፓስወርድ ለሽያጭ ቀረበ። የያሁ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ2013 የደረሰበት ስርቆት ሦስት ቢሊዮን የሚሆኑትን አካውንቶች በሙሉ እንደነካ ኩባንያው በ2017 አምኗል። የወላጆቻችን የመጀመሪያ ኢሜይል፣ ኢንተርኔት ካፌ ሄደን የከፈትንላቸው፣ በአብዛኛው የያሁ መሆኑን አስታውሱ። ከእነዚህና ከሌሎች ብዙ ድርጅቶች የተዘረፉ ዝርዝሮች በሌቦች መንደር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ወዲህ ታዲያ አንዳንዶቹ አንድ ዘዴ አገኙ፦ ከዝርዝሩ ላይ የእያንዳንዱን ሰው አሮጌ ፓስወርድ እየነቀሱ በደብዳቤው አናት ላይ መጻፍ። ሥራውን የሚሠራው ማሽን ነው። ደብዳቤው አንድ ነው፣ የሚለዋወጠው ፓስወርዱ ብቻ ነው።

ለአባባ ያስረዳኋቸው እንዲህ ነበር። ከዓመታት በፊት የለቀቁትን የኪራይ ቤት ቁልፍ አንድ ሰው ገበያ ላይ አግኝቶ ቢገዛውና መጥቶ «አሁን ቤትዎ ውስጥ ነኝ» ቢልዎ፣ ቁልፉ እውነተኛ ነው፤ ወሬው ግን ውሸት ነው።

ሁለተኛው ማስደንገጫ ኢሜይሉ ከራሳቸው አድራሻ የተላከ መምሰሉ ነው። «ይኸው በራሴ ስም ነው የጻፈልኝ» ይላሉ። ኢሜይል የሚጓዝበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1982 ሲደነገግ ሰዎቹ እርስ በርስ የሚተማመኑበት ጊዜ ነበርና ላኪውን የሚያጣራበት መንገድ አልተበጀለትም። ማጣሪያዎቹ ኋላ የተቀጠሉ ናቸው፣ ሁሉም ቦታም አይሠሩም። የፖስታ ዘመን ሰዎች ይህን ከኛ ቶሎ ይረዱታል። በፖስታው ጀርባ ላይ የላኪ ስም ብሎ ማንም የፈለገውን መጻፍ ይችል ነበር።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ላይ ሌላም መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 በተሰራጨው ዓይነት ውስጥ የሰውየው ስም፣ ስልክና የገዛ ቤቱ ፎቶግራፍ አለበት። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት የቤታቸውን በር በፎቶ ሲያዩ ምን ሊሰማቸው እንደሚችል አስቡት። ፎቶው ግን ጉግል መንገድ ለመንገድ በመኪና እየዞረ ካነሳው፣ ማንም ሰው አድራሻ ጽፎ ከሚያየው ካርታ የተወሰደ ነው። ማንም በራቸው ላይ አልቆመም። በዚሁ ደብዳቤ ላይ ፔጋሰስ የሚባል የስለላ ፕሮግራም ስምም ይጠራል። ፕሮግራሙ በእውን ያለ ነው፣ አንድ የእስራኤል ኩባንያ ለመንግሥታት የሚሸጠው። ነገር ግን የጡረተኛ ካሜራ ለመክፈት ያን ያህል የሚደክም የለም። ስሙ የተጠራው በዜና ስለተሰማ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር እዩት። ደብዳቤው ውስጥ ቪዲዮው የለም። ከቪዲዮው የተቆረጠች አንዲት ምስል እንኳ የለችም። የዛሬው ፓስወርድ የለም። የልጅ ስም፣ የጓደኛ ስም፣ የሰፈር ስም የለም። በእጁ የያዘ ሰው ያሳያል። ይህ ሰው የሚያሳየው ስለሌለው ሰዓት ይቆጥራል።

ቢትኮይን የተመረጠበትም ምክንያት አለው። አንዴ ከተላከ ባንክ ደውሎ የሚያስመልሰው የለም። አገራችን ውስጥ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 እንዲህ ያለው ገንዘብ ለክፍያ እንዳልተፈቀደ አስታውቋል። ስለዚህ የፈራ ሽማግሌ ልግዛ ብሎ ሲነሳ የሚያገኘው ቴሌግራም ላይ የተቀመጠ ደላላ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለተኛው ሌባ ሊሆን ይችላል።

ጥቂት ሰው ብቻ የሚደናገጥበት እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2018 ብቻ 51,146 የማስፈራሪያ አቤቱታ ተቀብሏል። ከዚያ በፊት ከነበረው ዓመት በ242 በመቶ ይበልጣል፤ የጠፋውም ገንዘብ ከ83 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ይህ ደፍረው ያመለከቱት ቁጥር ነው።

የሚሸጠው ዕቃ ሐፍረት ነው

አባባ ሞኝ አይደሉም። ይህን የምለው ስለምወዳቸው አይደለም። ደብዳቤው የሚይዘው ያልተማረውን ሳይሆን ስም ያለውን ነው። ሰው ፊት የሚሰግድ፣ ለሽምግልና የሚጠራ፣ ልጆቹን በምክር ያሳደገ ሰው የሚያጣው ነገር አለው። ጥፋት ያለበት ብቻ ነው የሚፈራው ብለን የምናስብ ከሆነ ተሳስተናል። ንጹሕ ሰው ጭራሽ ይብሳል፤ ንጽሕናውን የሚያስረዳበት መንገድ አይታየውምና።

ሌላው እኛ ነን። ባለፈው እረፍት ቤት ስትሄዱ እናታችሁ ስልኳን ይዛ መጥታ «ይኼ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቃችሁ ምን አደረጋችሁ? እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ስልኩን ከእጇ ወስጄ፣ ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አድርጌ፣ «በቃ ተስተካክሏል» ብዬ እመልስላታለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ «ነግሬሽ አልነበር?» እላለሁ። ሦስተኛ ጊዜ አትጠይቀኝም። ለወላጅ «ኡፍ» ማለት እንኳ መከልከሉን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ስልክ ሲይዙ የምናሰማቸው ትንፋሽ ከዚያ ውስጥ የማይገባ ይመስለናል መሰለኝ። አስፈራሪው የሚገባው እኛ በዘጋነው በር ነው። ደብዳቤው ለማንም እንዳይናገሩ ያስጠነቅቃል፤ ቀድሞውኑ የሚናገሩት ሰው ካጡ ማስጠንቀቂያውም አያስፈልገውም ነበር።

ቤት ስንሄድ

መጀመሪያ፣ ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት አውሩት። ቡና ሲፈላ ወይም ከኢሻ በኋላ ሁሉም ሲቀመጥ እንደ ወሬ አንሱት፤ «ተጠንቀቁ» እያሉ እንደ ንግግር ማድረግ አይሠራም። ጎረቤትን ወይም የጓደኛን አባት እንዳጋጠመው አድርጋችሁ የምታውቁትን ታሪክ ንገሯቸው፣ ስም ሳትጠሩ። ፓስወርዱ ከየት እንደሚመጣ፣ የላኪው ስም እንዴት እንደሚጻፍ አብራሩ። አስቀድሞ የሰማውን ውሸት ሰው ሲመጣበት ያውቀዋል።

ከዚያ አንድ ስምምነት አድርጉ። በኢሜይል፣ በስልክ ወይም በቴሌግራም ገንዘብ የሚጠይቅ ማስፈራሪያ ከመጣ፣ ምንም ከመክፈል በፊት ለአንድ ሰው ይነገራል። ያ ሰው ማን እንደሆነ በስም ይወሰን። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል ብዬ አስባለሁ፤ ኮምፒውተር የተማረውን ልጅ ይመርጣሉ። መመረጥ ያለበት ምስጢር ጠባቂው ነው። ኮምፒውተሩን ቆይቶ ማንም ሊያየው ይችላል። እናት ለወንድ ልጇ የማትናገረውን ለሴት ልጇ ትናገር ይሆናል፤ አባትም ለልጁ ከሚነግር ለወንድሙ ልጅ ቢነግር ሊቀለው ይችላል። አባባ ለኔ የደወሉት ለዚያ ሳይሆን አይቀርም።

የተመረጠው ሰው ደግሞ የሚጠበቅበት ነገር አለ። «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ አይጠይቅም። በቀልድ እንኳ። እኔ ሳቄን በኋላ ይቅርታ ጠይቄበታለሁ፤ ይህን ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ግን በይቅርታ የምጠግነው አይመስለኝም። ሱረቱል ሑጁራት ውስጥ ሁለት ትእዛዞች በቅርብ ርቀት ላይ ይገኛሉ። በ6ኛው አንቀጽ አመፀኛ ወሬ ይዞ ሲመጣ ማጣራት ታዘናል፤ በ12ኛው ደግሞ የሰው ነውር መሰለል ተከልክለናል። የሚጣራው የደብዳቤው ላኪ ነው። የአባትህ ገመና አይደለም። ሊረዳ ገብቶ የስልኩን ፎቶና የጎበኛቸውን ገጾች የሚበረብር ልጅ አስፈራሪው እሠራዋለሁ ብሎ የዛተውን እየሠራ ነው። ስለ ሲትር የምንማረው ሁሉ በገዛ ቤታችን የማይሠራ ከሆነ የት ሊሠራ ነው?

የተሳካልኝን አንድ ነገር ላካፍላችሁ። አባባን ማስረዳቴ ብዙም አልጠቀመም ነበር። የራሴን ኢሜይል ከፍቼ የቆሻሻ ማኅደሩን ስፈልግ እንደ ዕድል ሆኖ ያው ደብዳቤ እኔም ጋ ተገኘ፣ የኔን አሮጌ ፓስወርድ ይዞ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አባባ መነጽራቸውን አደረጉና ጣታቸውን ከመስመር ወደ መስመር እየወሰዱ አነበቡ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ሁለቱም ላይ ያው ቃል በዚያው ስሕተት ተጽፏል። «ይኼማ ኩረጃ ነው!» አሉ። ሠላሳ ዓመት የፈተና ወረቀት ያረመ ሰው ከዚህ በኋላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለልጃቸው ያኔውኑ ደወሉ። ያሉትን አልጽፈውም፣ የሁለቱ ነው።

የቀረው የእጅ ሥራ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ለደብዳቤው መልስ አይሰጥም፣ የተያያዘ ፋይል ካለው አይከፈትም። ስክሪንሹት ይነሳና አላስፈላጊ ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። ያ አሮጌ ፓስወርድ እስካሁን የሚሠራበት ቦታ ካለ ሁሉም ጋ ይለወጥ፤ ኢሜይሉ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ በስልክ ይጨመር። «ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ» የሚባለው፣ አውስትራሊያዊው ትሮይ ሃንት እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተው ነጻ ድረ ገጽ፣ ኢሜይሉ በየትኞቹ የተዘረፉ ዝርዝሮች ላይ እንዳለ ያሳያል። አብራችሁ እዩት፤ ጥፋቱ የድርጅቶቹ መሆኑን በዓይናቸው ያያሉ። አዲሱን ፓስወርድ በደብተር ጽፈው ከቤቱ ካርታ ጋር ቢያስቀምጡት እኔ አልቃወምም። በመጻሕፍት አይጻፍ ይላሉ፤ ግን ባሕር ማዶ ያለ ሌባ ደሴ ቁምሳጥን ውስጥ ያለ ደብተር አያነብም። ካሜራው ላይም ወረቀት ለጥፉ። ለልብ ማረፊያ ይሆናል።

ከፍለው ከሆነስ? አትቆጡ። የከፈለ ሰው ስም «ይከፍላል» በሚል ዝርዝር ሊገባ ስለሚችል ሌላ ደብዳቤ ሊከተል እንደሚችል ንገሯቸው፤ ሁለተኛ እንዳይከፍሉም አብራችሁ ሁኑ። በባንክ ወይም በሞባይል ገንዘብ የተላከ ከሆነ በዚያው ሰዓት ለባንኩ ይደወል። «የጠፋ ገንዘብዎን አስመልሳለሁ፣ ቅድሚያ ይክፈሉ» ብሎ የሚመጣ ካለ ያው ሌባ ወይም ወንድሙ ነው።

ምስሉ በእርግጥ ካለ

ሁሉም ማስፈራሪያ ባዶ ነው ብዬ ብጽፍ አታልላችኋለሁ። ከማያውቁት ሰው ጋር በቪዲዮ ሲያወሩ የተቀረጹ አሉ፤ በሚያውቁት ሰው የተከዱም አሉ። ምስልን መፈብረክም ዛሬ ቀላል ሆኗል። ማስረጃ ይዞ የመጣ አስፈራሪ ከላይ ካየነው የተለየ ነው። እሱም ቢሆን ሲከፈለው አይጠግብም፤ ነገር ግን መልእክቶቹን ማጥፋት ሳይሆን ማስቀመጥ፣ ከዚያ ግንኙነቱን ዘግቶ ማመልከት ያስፈልጋል። የአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ሰውን በኮምፒውተር በሚሰራጭ ጽሑፍ ወይም ምስል ማስፈራራትን በእስራት ይቀጣል። አቤቱታው ለፖሊስ ይቀርባል፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም የሳይበር ጥቃት ጥቆማ ይቀበላል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ከላይ ለጠቀስኩት የኤፍቢአይ ማዕከል በኢንተርኔት ያመለክታሉ። ውጭ አገር የተቀመጠ ወንጀለኛ ይያዛል ብዬ ቃል አልገባም። አስፈራሪው እዚሁ ያለ ሰው ሲሆን ግን ማመልከት ብዙ ይለውጣል።

በፖሊስ የማይገኝ ሌላ መከላከያም አለ። የቤተሰቡ ትልቅ ሰው አስቀድሞ «በአባታችን ላይ ምንም ቢላክልን አንከፍተውም፣ አናምንም፣ አናሳልፍም» ብሎ ለልጆቹ ሁሉ መናገሩ ነው። አባባ ይህን ሲሰሙ ነው ትከሻቸው የወረደው።

ለሐለቃ

በዚህ ሳምንት ሐለቃችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተለማመዱት። አንዱ አባት ይሁን፣ ሌላው ልጅ። አባት ጉዳዩን በቀጥታ አይናገርም፤ ስለ ቢትኮይን ወይም በድንገት ስለሚያስፈልገው ገንዘብ ይጠይቃል። ልጅ ሳይመረምርና ሳይስቅ እንዴት ወደ ነገሩ ይደርሳል? ቀጥሎ በየግላችሁ አስቡ፦ በቤተሰባችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢመጣበት ለማንም የማይናገረው ማን ነው? ለምን?

ስለ አባባ የመጨረሻውን ልጨምር። በሳምንቱ ከመግሪብ በኋላ መስጊዱ በረንዳ ላይ ለተቀመጡት ታሪኩን ራሳቸው አወሩት፣ ኩረጃውን እያሳቁ። ተነስተው ወደ ቤት ሲሄዱ አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ከኋላ ደረሱባቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ወረቀት እኔም ጋ መጥቷል» አሏቸው። «ካለፈው ረመዳን ጀምሮ ነው።»